ስለ ወፍራም ጌጠኛ የማተሚያ ፊደል የተደረገ ንግግር



«ኩፐር ብላክ» የሚባለውን የላቲን ማተሚያ ፊደል የነደፈው ኦስዋልድ ኩፐር የተባለ የቺካጎ ሰው ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1922 ዓ.ም. ለአታሚዎች ቀረበ። መልኩ ደንዳና ነው። በሌሎች ፊደላት ጫፍ ሾሎ የሚታየው እግር በዚህኛው እንደ ቦካ ሊጥ አብጦ ዙሪያው ክብ ሆኗል። ለማስታወቂያና ለሱቅ ሰሌዳ እጅግ ተስማማ፤ በ1966 የወጣው የ«ቢች ቦይስ» «ፔት ሳውንድስ» ሸክላ ሽፋንም በእርሱ ተጽፏል። ለመጽሐፍ ገጽ ግን አይሆንም፤ ባነሰ ቍጥር የፊደሉ ቀዳዳ ይጠባልና ዓይን ይደክማል።

ይህን መልክ ወደ ግዕዝ ፊደል ማምጣት የሚወዱ ሠዓልያን አሉ፤ እኔም ወድጄው ነበር። ነገር ግን የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በትንሽ ቅጥያ ነው። ሣልሱ «ጢ» በቀኝ እግሩ አጭር ሰረዝ አለው፤ ኃምሱ «ጤ» ደግሞ በዚያው ስፍራ ቀለበት አለው። እግሩ ሲያብጥ ቀለበቱ ይደፈናል፤ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ።

አንድ ጊዜ «ጤና» የሚል ርእስ በወፍራም ፊደል አስጽፌ ከክፍሉ ግድግዳ ሰቀልሁ። ከኋላ የተቀመጠ ጀማሪ ተማሪ «ጢና» ብሎ አነበበ። በጓደኞቹ ፊት ገሠጽሁት፤ እርሱም አንገቱን ደፋ። ከትምህርት በኋላ በእርሱ መቀመጫ ላይ ተቀምጬ ብመለከት፣ እንዳነበበው ሆኖ አገኘሁት። ሰሌዳውን አውርጄ ቀለበቱን በምላጭ ፍቄ ከፈትሁት፤ በማግሥቱም ያንኑ ልጅ አስቀድሜ አስነበብሁት።