የለማጅ ውልና የቆላው ወቅት



ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ ዕቃ የሚያቀብለውን ልጅ «በምን ውል ነው የምትሠራው?» ብትሉት፣ «ጋሼ ያውቃሉ» ይላችኋል። ጋሼም ቢጠየቁ «ልጄ ነው፤ ሙያ አስተምረዋለሁ» ይላሉ። ሁለቱም አልዋሹም። ሆኖም ልጁ ከዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ጋራዥ ሲሄድ ችሎታውን የሚመሰክርለት ወረቀት ስለሌለው፣ እንደገና ዕቃ ከማቀበል ይጀምራል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን አስቦበታል። አሠሪው ከድርጅቱ ሥራ ጋር በተያያዘ ሙያ የተሟላና ሥርዓት ያለው ሥልጠና ለመስጠት፣ ለማጁም መመሪያ ተቀብሎ ለመሠልጠን ሲስማሙ የሥራ መልመጃ ውል ይመሠረታል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ አግባብ ባለው አካል መረጋገጥ አለበት። የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ ክፍያውንና የሥራውን ሁኔታ ይገልጻል፤ ሲያበቃም አሠሪው የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ወጣት መደበኛ የሥራ ሰዓቱ በቀን ከ7 ሰዓት አይበልጥም።

እኔን የምታሳስበኝ «ጊዜ» የምትለዋ ቃል ናት። መተማ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ነው፤ ጋራዡም የሚኖረው በትራክተር ነው። በሰኔ ትራክተር ሲበላሽ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መካኒኩ መፍቻውን ለለማጅ የሚሰጥበት ፋታ የለውም፤ ልጁ እየሮጠ ያመጣል፣ በናፍጣ ያጥባል። ሞተር ተፈትቶ በእርጋታ የሚገጠመው በበጋ ነው። እንግዲህ በግንቦት ተቀጥሮ፣ ሰሊጡ ሲሰበሰብ በኅዳር የሚሰናበት ልጅ ጉልበቱን ሰጥቶ ሙያውን ሳያይ ይሄዳል። «ስድስት ወር» ብሎ መጻፍ ሕጉን ያሟላ ይሆናል፤ የትኛው ስድስት ወር እንደሆነና በበጋው ልጁ ምን ምን በእጁ እንደሚፈታ ካልተጻፈ ግን «የተሟላ ሥልጠና» የሚለው ሐረግ ባዶ ነው።

ባለ ጋራዡ ወረቀት ሲያይ ግብር ይታየዋል፤ አልፈርድበትም። ከዚያ የሚብሰው ሥጋቱ ያስተማረው ልጅ ጥሎት እንዳይሄድ ነው። ይህም ቢሆን የሚቃለለው በዝምታ ሳይሆን በውሉ ነው፦ ክፍያው መጀመሪያ ላይ አነስ ብሎ ልጁ በራሱ መጠገን ሲጀምር እንዲጨምር፣ ውሉም ሁለተኛውን ክረምት እንዲያካትት ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ አሠሪው የደከመበትን ያገኛል፣ ልጁም ለመቆየት ምክንያት ይኖረዋል።

ለመስክ ሥራ ወደዚያ የምትወርዱ ተማሪዎች፣ መጠይቃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት በአንድ ገጽ የተጻፈ የውል ረቂቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለጋሼም ለልጁም ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።