ከስምንቱ የጎደለው አንዱ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር



በጠረጴዛው ላይ የምታዩት ትንሽ ጥቁር ኮምፒዩተር ዜድ ኤክስ ስፔክትረም ይባላል። በ1974 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለገበያ የወጣ የቤት ኮምፒዩተር ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪ ከውጭ አገር አምጥቶ ለክበባችን ሲሰጥ ማስታወሻው 16 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ወደ 48 የሚያሳድጉት ቺፖችም አብረው መጡ። ይሁንና ትርፍ ቺፕ አልነበረንም፤ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ገበያ የሚገኝ ዕቃ አይደለም።

አሠራሩን በአጭሩ እንግለጽ። ኮምፒዩተሩ በአንድ የማስታወሻ ስፍራ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ያኖራል። ቁጥሩን ስምንት ቺፖች ተካፍለው ይይዙታል፤ የየድርሻቸውም ዋጋ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64 እና 128 ነው። ሁሉም ሲደመር 255 ይሆናል።

ኤሌክትሪኩን ነቅለን፣ አቀማመጣቸውን እያስተያየን ስምንቱን ቺፖችና አራቱን ረዳቶቻቸውን ሰካን። አብርተን ብንጠይቀው የመጨረሻው ስፍራ 65535 መሆኑን ነገረን። ሞላ ማለት ነውና አጨበጨብን።

መምህራችን ግን «በቡሬ ገበያ በቆሎ የሚገዛ ሰው የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ይከፍላልን?» ብለው ጠየቁን። ለካስ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ራሱን የሚመረምረው በየስፍራው 2ን ጽፎ ወደ 0 በማውረድ ብቻ ነው፤ ትልልቆቹ ድርሻዎች ቁጥር መያዝ መቻላቸው አይፈተንም። ስለዚህ በተጨመረው ስፍራ ሁሉ 255 ጽፎ መልሶ የሚያነብ አጭር ፕሮግራም አዘጋጀን። ከብዙው ስፍራ 255 ሲመለስ፣ ከአንዳንዱ ግን 223 ተመለሰ። የጎደለው 32 ነው፤ 32ን የሚይዘውም ስድስተኛው ቺፕ ነው።

አንዳንዶቻችን «እንግዲህ ሥራው ቀረ» አልን። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ከእያንዳንዱ ቺፕ የሚጠቀመው በግማሹ ብቻ ነው። ፋብሪካው በዘመኑ ግማሻቸው የተበላሸ ቺፖችን በርካሽ እየገዛ በደኅናው ግማሽ ይሠራ ነበርና፣ የሚሠራውን ግማሽ የምትመርጥ ሽቦ በሰሌዳው ላይ አለች። አጥፍተን ሽቦዋን ወደ ሌላው ግማሽ አዛወርናት። ዳግመኛ 255፣ ቀጥሎም 0 ጻፍን፤ ሁሉም እንደ ተጻፈው ተመለሰ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ መምህር «ገባችሁ?» ሲሉን «አዎን» የምንለው ያችን ቀላል ምርመራ እንደ ማለፍ ነው። የተማርነውን መጽሐፉን ዘግተን በራሳችን ቃል መልሰን እንየው።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ከገጠር ስንቁን ተሸክሞ እየመጣ የሚማር ልጃችሁ ዝቅተኛ ውጤት ሲያመጣ፣ «በቃ፣ ወደ እርሻው ይመለስ» ከማለታችሁ በፊት የጎደለው የቱ እንደ ሆነ ከመምህራኑ ጋር ተመልከቱለት። ስድስተኛው ቺፕ ቢጎድል ሰባቱ ደኅና ነበሩ፤ ስድስተኛውም ቢሆን ከነጉድለቱ ይኸው ዛሬ እየሠራ ነው።