አንድ ዝርዝር ለሁሉም ሰሌዳ ይበቃልን?

(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ ስሙ ከባድ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የሁላችንንም ጊዜና ኪስ የሚነካ ነው። ይኸውም በአንድ ሰሌዳ ላይ በተሠሩት ትንንሽ ኮምፒውተሮች፥ በተለይም በራስፕቤሪ ፓይ ላይ፥ የሊኑክስ ፓኬጆችን ዝርዝር እንዴት እንያዝ የሚለው ነው። በሥራ ክፍላችን ያሉት ሰሌዳዎች ዕድሜያቸው የተለያየ ነው፤ ከመጀመሪያው ትውልድ እስከ 4ኛው ድረስ አሉ። ስለዚህ አንዳንድ ጓደኞቻችን «አንድ ሚሞሪ ካርድ በደንብ እናሰናዳና የእርሱን የፓኬጅ ዝርዝር ለሁሉም እንገልብጥ፤ አልቀበል ያለው አሮጌ ሰሌዳ ይጣል» የሚል አሳብ አቅርበዋል። አሳቡ ከድካም እንጂ ከክፋት የመጣ አይደለም። እኛ ግን አንስማማበትም።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የመጀመሪያው ራስፕቤሪ ፓይ የወጣው በ2012 ነው (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፕሮሰሰሩ የሚያውቀው አርም ስሪት 6 የተባለውን የትእዛዝ ሥርዓት ነበር። ዴቢያን ደግሞ «አርምኤችኤፍ» ብሎ ያዘጋጀው የፓኬጅ ክፍል ቢያንስ ስሪት 7ን ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት በጎ ፈቃደኞች ተነሥተው የዴቢያንን ፓኬጆች ለስሪት 6 እንዲስማሙ አድርገው እንደገና ኮምፓይል አደረጓቸው፤ ሥራቸውም ራስፕቢያን ተባለ። ድካማቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የክፍሉን ስም አልለወጡም። ዴቢያንም አርምኤችኤፍ፥ ራስፕቢያንም አርምኤችኤፍ፤ ሁለቱ ሞክሼዎች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

ፓኬጅ የሚጭነው ዲፒኬጂ የተባለው ፕሮግራም የሚመለከተው ስሙን ብቻ ነው። የዴቢያኑን አርምኤችኤፍ ፓኬጅ በመጀመሪያው ትውልድ ሰሌዳ ወይም በመጀመሪያው ፓይ ዜሮ ላይ ብንሰጠው አንድ ቃል ሳይናገር ይጭነዋል። ፕሮግራሙ ሲነሣ ግን ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ ይደርሰውና ሥራው እዚያው ይቋረጣል። የተለወጠው ሁሉም ፕሮግራም የሚደገፍበት የሲ ላይብረሪ ከሆነ ሰሌዳው ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። ያን ጊዜ «ሰሌዳው ሞተ» ይባልና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይወረወራል። እንዲህ «ሞቱ» ከተባሉት ሰሌዳዎች ብዙዎቹ ትክክለኛውን ካርድ ሲያገኙ ይነሣሉ።

ወደ 64 ቢት እንለፍ። በ2016 የወጣው 3ኛው ትውልድ 64 ቢት ፕሮሰሰር ይዞ መጣ፤ የ64 ቢቱ የራስፕቤሪ ፓይ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ግን የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ የወጣው በ2022 ነው። ይህ ሲስተም የፓኬጆቹን አብዛኛውን ክፍል በቀጥታ ከዴቢያን ይወስዳል፤ የ32 ቢቱ ደግሞ ከራስፕቢያን። በዚህ ላይ ከ2023 ወዲህ በ4ኛው ትውልድ ሰሌዳ ላይ ሌላ መደናገሪያ ተጨምሯል። የ32 ቢት ሲስተም የተጫነበት ካርድ፥ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፥ በ64 ቢት ከርነል ይነሣል። «ዩኔም» የሚባለውን ትእዛዝ ብንጠይቅ ስለ ከርነሉ ይነግረናልና 64 ይላል፤ ዲፒኬጂን ብንጠይቅ አርምኤችኤፍ ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ለፓኬጅ ጉዳይ የሚሰማው ግን የዲፒኬጂ ቃል ነው። የግቢውን ባለቤት ስም ሰምቶ ለተከራዩ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ደብዳቤው ይመለስበታል።

«ታዲያ ሁለቱን ዓይነት በአንድ ካርድ ላይ ማኖር አይቻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይቻላል። ዴቢያን በ2013 ባወጣው በ7ኛው እትም የሁለት አርክቴክቸር ላይብረሪዎች በየራሳቸው ማኅደር እንዲቀመጡ አድርጓል። በ64 ቢት ሲስተም ላይ አርምኤችኤፍን በአንድ ትእዛዝ እንጨምራለን፤ የፓኬጆቹን ማውጫ እናድሳለን፤ ከዚያ በፓኬጁ ስም መጨረሻ ላይ ሁለት ነጥብና «አርምኤችኤፍ» የሚለውን ጽፈን እንጠይቃለን። ዋጋው ግን አለ። አንድ አርክቴክቸር በተጨመረ ቁጥር ሌላ ሙሉ ማውጫ ይወርዳል፤ የኢንተርኔት መስመራችንን የሚያውቅ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም። ደግሞም በሁለቱም ወገን ጎን ለጎን የሚጫን ላይብረሪ እትሙ አንድ ዓይነት መሆን ግዴታ ነው፤ አንዱ ቢዘገይ ሌላውም ይጠብቃል። አንዱን ከዴቢያን ሞክሼውን ከራስፕቢያን የሚያመጣ ሰው በዚህ ቦታ ይጣበቃል። የተጨመረውንም አርክቴክቸር ለማስወጣት አስቀድሞ የእርሱ የሆኑትን ፓኬጆች በሙሉ መንቀል ያስፈልጋል። ስለዚህ በ32 ቢት ብቻ የሚገኝ አሮጌ ፕሮግራም ሲያስገድደን እንጂ፥ ይጠቅም ይሆናል ብለን ባንጨምረው ይሻላል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንምጣ። ከአንድ ሰሌዳ የሚወጣ ዝርዝር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዲፒኬጂ የሚሰጠን፥ በካርዱ ላይ ያለው ሁሉ የተጻፈበት ረጅም ዝርዝር ነው። በውስጡ ማንም ሳይጠይቃቸው ሌሎችን ተከትለው የገቡ ላይብረሪዎች ሞልተዋል፤ ከብዙዎቹም ስም ጋር አርክቴክቸሩ ተለጥፏል። ይህን ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት መገልበጥ የባዕድ ፓኬጆችን ጭፍራ መጋበዝ ነው። ዕድሜውም አጭር ነው። የ32 ቢት የሰከንድ ቆጣሪ በጥር 2038 ስለሚሞላ ዴቢያን ነሐሴ 2025 ባወጣው በ13ኛው እትም የአርምኤችኤፍን የጊዜ ቆጣሪ ወደ 64 ቢት አሳድጎታል፤ በዚህም ሳቢያ አያሌ ላይብረሪዎች በስማቸው ጫፍ «ቲ64» የሚል ተቀጽላ አገኙ። ከ12ኛው እትም የተገለበጠ ረጅም ዝርዝር እንግዲህ በአዲሱ ማከማቻ የሌሉ ስሞችን ይጠራል።

ሁለተኛው «አፕት ማርክ» የሚሰጠን፥ ሰው በፈቃዱ የጠየቃቸው ብቻ የተጻፉበት ነው። እዚህ ላይ ፓይተን 3 ፓይተን 3 ነው፥ ጊትም ጊት ነው፤ በየትኛውም ሰሌዳ ላይ ብንጠይቅ አፕት ለሰሌዳው የሚስማማውን ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ካርዱን መጀመሪያ ያዘጋጁት ሰዎች የጨመሩት ስለሚገባበት በእጅ ማጥራት ይፈልጋል፤ ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

የተቃዋሚዎቻችንን ጠንካራ ነጥብ መሸሸግ አይገባንም። የ32 ቢቱ የራስፕቤሪ ፓይ ሲስተም በአሮጌውም በአዲሱም ሰሌዳ ላይ ይሠራል፤ እርሱን በሁሉም ላይ ብንጭን ሞክሼው አያስቸግረንም። ሙቀት ለሚለካ ወይም መብራት ለሚያበራ ሰሌዳ ይህ በቂ ነው፤ እንቀበለዋለን። ነገር ግን በ32 ቢት አንድ ፕሮግራም ብቻውን ከ4 ጊጋባይት በላይ አድራሻ ሊይዝ አይችልም፤ በ64 ቢት ብቻ የሚወጡት ፕሮግራሞችም እየበዙ ነው። 8 ጊጋባይት ያለውን ሰሌዳ በዚህ መንገድ ማሰር ለአሮጌው ሲባል አዲሱን ማስራብ ይሆናል።

ስለዚህ የምናቀርበው ይህ ነው። የምንፈልጋቸው ፓኬጆች ስም የተጻፈበት አንድ የጋራ ዝርዝር ይኑር፤ የላይብረሪ ስምና የአርክቴክቸር ተቀጽላ አይግባበት። ከእርሱ ጋር ሁለት አጫጭር ተጨማሪዎች ይኑሩ፤ አንዱ ለራስፕቢያን፥ አንዱ ለ64 ቢት። በየካርዱ ማቀፊያ ላይ ዲፒኬጂ የሰጠው ስምና ፓኬጁ የመጣበት ማከማቻ በብዕር ይጻፍ፤ ሞክሼዎቹን የሚለየው ማከማቻው ነውና። በግምጃ ቤት ያሉት ሰሌዳዎችም ከመጣላቸው በፊት አንድ በአንድ በራስፕቢያን ካርድ ይሞከሩ። ሙከራውን በሚመጣው ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ በሥራ ክፍሉ እናደርጋለን፤ ካርድ ያለው ይዞ ይምጣ።