ኃይል ቈጣቢው አምፑል ወዳጅ ነውን ወይስ ጠላት?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ጓደኞቼ ስለ ትልልቅ ነገር ተናግረዋል፤ የኔ ነገር ግን በየቤታችን ጣሪያ ላይ ስለ ተንጠለጠለው አምፑል ነው።

ነገሩን ያነሣሁበት ምክንያት ይህ ነው። ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜ በቤት ውስጥ ኳስ ሲጫወት ጠመዝማዛውን ኃይል ቈጣቢ አምፑል ሰበረው። እናቴም ወዲያው በመጥረጊያ ጠርጋ ስብርባሪውን ከቤት ጥራጊ ጋራ ጣለችው። ማታ አንዲት ጎረቤታችን መጥተው «ይህ እኮ መርዝ አለበት!» ባሉ ጊዜ እናቴ ደነገጠች፤ የቀሩትን ሦስቱንም አውርደን እንድንጥልና ወደ ቀድሞው ክብ አምፑል እንድንመለስ አዘዘች። እኔም «እስቲ አንድ ሳምንት ታገሺኝ» ብዬ ለምኜ፣ መምህሬን እየጠየቅሁና መጻሕፍት እያገላበጥሁ መመርመር ጀመርሁ።

አስቀድሞ ጥቅሙን እንመልከት። የቀድሞው አምፑል በውስጡ ያለውን ቀጭን ክር እስኪግል ድረስ አሙቆ ስለሚያበራ፣ ከሚወስደው ኃይል ከመቶ 90 እጅ የሚሆነው በሙቀት ይባክናል። ባለ 60 ዋቱ የሚሰጠውን ብርሃን ቈጣቢው በ14 ዋት ያህል ይሰጣል። በቀን 5 ሰዓት የሚበሩ አራት አምፑሎች ቢኖሩን፣ የቀድሞዎቹ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈጁ ቈጣቢዎቹ 8 ከግማሽ እንኳ አይሞሉም። የቤት ታሪፍም የተጠቀሙት በበዛ ቍጥር በደረጃ የሚጨምር ስለ ሆነ ቍጠባው ለድኻ ቤት ቀላል አይደለም። እውነቱን ለመናገር ግን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ኃይል አንዱን ቈጣቢ አምፑል ከ200 ሰዓት በላይ ያበራል። ይህን ለእናቴ ብነግራት «እንግዲያስ እንጀራውን በአምፑል ጋግርልኝ» ብላ ሣቀችብኝ።

ወደ ጉዳቱ ስንመጣ፣ ጎረቤታችን ያሉት ሐሰት አይደለም። በመስተዋቱ ውስጥ ባዜቃ፣ በሳይንስ ክፍል ሜርኩሪ የምንለው፣ አለ። ልኩ ብዙውን ጊዜ ከ5 ሚሊግራም አይበልጥም፤ በቀድሞው የትኵሳት መለኪያ ውስጥ የነበረው 500 ሚሊግራም ያህል ነው። መስተዋቱ እስካልተሰበረ ድረስ ባዜቃው አይወጣም። ሲሰበር ግን በመጥረጊያ መጥረግ ስሕተት ነው፤ መርዙን በቤቱ ሁሉ ይበትነዋልና። የሚገባው ሕፃናትን አስወጥቶ፣ መስኮት ከፍቶ ዐሥር ደቂቃ ያህል መቈየት፣ ከዚያም ስብርባሪውን በወፍራም ወረቀት አፍሶ፣ የቀረውን በእርጥብ ወረቀት አብሶ፣ ሁሉንም ክዳን ባለው የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ መዝጋት ነው።

እኔን ይልቁን ያሳሰበኝ ከቤት ከወጣ በኋላ የሚሆነው ነው። እናቴ የጣለችውን ስብርባሪ ማን አነሣው? ከቆሻሻ ክምር ላይ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ የእጅ መሸፈኛ እንኳ የላቸውም። አምፑሉ ገንዘብ የቈጠበው ለኛ ነው፤ መርዙ ግን ወደነርሱ ይሄዳል። ጎረቤታችንም ሆኑ እናቴ፣ እኔም ራሴ፣ በዚያች ማታ ስለነርሱ አንድ ቃል አልተናገርንም።

ዛሬ ባዜቃ የሌለበት ኤል.ኢ.ዲ. የሚባለው አምፑል በየሱቁ ይገኛል፤ ለዚያው ብርሃን 9 ዋት ያህል ብቻ ይበቃዋል። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮችም በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባደረጉት ጉባዔ፣ በየቤቱ የምናውቀው ጠመዝማዛ አምፑል መሠራቱና ወደ ሌላ አገር መላኩ እስከ 2025 ድረስ እንዲቆም ወስነዋል። ሚናማታ የጃፓን ከተማ ናት፤ ከፋብሪካ ወደ ባሕር በፈሰሰ ባዜቃ የተመረዘ ዓሣ የበሉ ሰዎች በጽኑ መታመማቸው የታወቀው በ1956 (እ.ኤ.አ.) ነበር።

እንዲህ ከሆነ ሦስቱን አምፑሎች ዛሬውኑ እንጣላቸውን? እኔ አይሆንም አልሁ፤ በጣሪያ ላይ ሳሉ ማንንም አይጎዱም፤ በጥድፊያ ብንጥላቸው ግን የፈራነውን ጉዳት ራሳችን እናመጣዋለን። ሲቃጠሉ በየተራ በኤል.ኢ.ዲ. እንተካቸው ብዬ እናቴን ለመንኋት። እርሷም ስለ ሁለቱ ተስማማች፤ በልጆች ክፍል ያለው ግን ኳስ ይደርስበታልና ይውረድ አለች። በዚህስ ከኔ ይልቅ እርሷ ትክክል ነበረች።

የወረደውን አምፑል በጋዜጣ ጠቅልዬ በካርቶን አኖርሁት። የት እንደማስረክበው አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ብጠይቅ «ከቆሻሻው ጋራ ጣለው» አሉኝ። ካርቶኑ እስከ ዛሬ ቁም ሣጥናችን ላይ አለ፤ በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ወላጆች የሚረከብ ቦታ የሚያውቅ ቢኖር ከንግግሩ በኋላ ይንገረኝ፣ ነገውኑ እወስደዋለሁ።