የባውሌ ቅርጻ ቅርጽ፤ ውበትና ማዕረግ



ዛሬ የምንናገረው በኮት ዲቯር መካከለኛ ክፍል ስለሚኖሩት ስለ ባውሌ ሕዝብና ስለ እንጨት ምስሎቻቸው ነው። አፈ ታሪካቸው እንደሚለው፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ንግሥት አብላ ፖኩ ከአሻንቲ አገር የተሰደዱትን ወገኖቿን እየመራች ኮሞኤ ወንዝ ዘንድ ብትደርስ ወንዙ አላሻግር አለ፤ እርስዋም ልጇን ሰጥታ ሕዝቧን አሻገረች። የሕዝቡም ስም ከዚያው ልጅ ሞት የመጣ ነው ይባላል።

ባውሌዎች ማንኛውም ሰው «ብሎሎ» በሚሉት በወዲያኛው ዓለም የትዳር ጓደኛ አለው ብለው ያምናሉ። ይህ ጓደኛ ተቀይሞ በትዳር ወይም በልጅ ላይ እንቅፋት ያመጣ እንደ ሆነ፣ አዋቂው ምስሉ እንዲቀረጽ ያዝዛል። የሴቲቱ «ብሎሎ ብላ»፣ የወንዱ «ብሎሎ ቢያን» ይባላል። እንግዲህ የተቀየመን ለማባበል የሚሠራ ምስል መልከ ጥፉ ሊሆን አይገባውም፤ ቀራጺው ስለ ውበት የሚጨነቀውም ስለዚህ ነው።

ውበቱስ በምን ይታወቃል? አንገቱ ረዘም፣ ባቱ ሞላ፣ ቆዳው ለስለስ ያለ ነው፤ ጠጉሩ በጥንቃቄ የተሠራ፣ ገላው በብጥ ያጌጠ፣ ዓይኑ ዝቅ ያለ፣ እጁ በሆዱ ላይ ያረፈ ነው። ይህ ሁሉ ትርጉም አለው። የሞላ ባት ሠርቶ አዳሪነትን፣ የጠራ ቆዳ ጤንነትን፣ ብጡና የጠጉሩ አሠራር የሠለጠነ ሰው መሆንን፣ ጺም ሽማግሌነትን ያመለክታል። የሹማምንቱም በትርና የጭራ እጀታ በወርቅ ቅጠል ይለበጣል። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ኮትና ሱሪ የለበሱ ምስሎች መጡ፤ ማዕረግ መልኩን ሲለውጥ ቀራጺውም ተከትሎታል።

ሆኖም ባለቤቶቹ እነዚህን ምስሎች በመኝታ ቤት ሸሽገው ሲያኖሩ፣ እኛ ግን በሙዚየም መስታወት ውስጥ እናያቸዋለን። ሱዛን ቮግል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 በዬል ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀችው ኤግዚቢሽን ይህንኑ ልዩነት ጉዳዬ ብሎ የያዘ ነበር።

በትምህርት ቤት የግሪክን ሐውልት የውበት ሚዛን አድርገን የተቀበልን ሁሉ ይህን ልናስብበት ይገባናል። የባውሌ ገበሬ ባቱንና ብጡን እያየ የሚፈርድበት የራሱ ሚዛን አለው። ያንን ሚዛን ሳንጠይቅ ሥራውን «ያልሠለጠነ» ብንል፣ ያልሠለጠነው የኛ ዓይን ነው።