በኑሮ ውድነት ጊዜ የሚወጣ ሕግና የማኅበር አባል
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ላፍቶ ውስጥ በአንድ የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የቀረበ ንግግር)







የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ንግግር እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ ስለ ኮምፖስት ወይም ስለ ዘር ርቀት የምናገር መስሎኝ ነበር። በግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቅሁት በዕፅዋት ሳይንስ እንጂ በሕግ አይደለም። ይሁን እንጂ ባለፉት ዓመታት ላፍቶ፣ ለቡና ሐና ማርያም አካባቢ ማሳ ለማሳ ስዘዋወር የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ከተማርኩት ውጭ እየሆኑ መጥተዋል። እኔ ስለ መስመር ዘር ላስረዳ እሄዳለሁ፤ አርሶ አደሩ ግን «ማዳበሪያው ዘንድሮ ስንት ይገባል? ባንኩ ለምን ብድር የለም ይላል? መሬቱ ሲወሰድ ካሣው በምን ይሰላል?» ይለኛል። የሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ያለው በአዋጅ፣ በደንብና በመመሪያ ውስጥ ስለሆነ፣ ዛሬ የማቀርበው ኑሮ በሚከብድበት ጊዜ መንግሥት የሚያወጣቸው ሕጎች ወደ እኛ እንዴት እንደሚደርሱ ነው።

መንግሥት በዓመቱ ሊያከናውን ያቀደው ጥቅል ሐሳብ በይፋ የሚሰማበት ቀን አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን የሚጀምረው በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። በዚያ ዕለት ፕሬዚዳንቱ ወይም ፕሬዚዳንቷ ለሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ንግግር ያደርጋሉ፤ በንግግሩም የዓመቱ የመንግሥት የትኩረት አቅጣጫ ይገለጻል። ከዚያ በኋላ ረቂቅ አዋጆች ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳሉ፤ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራሉ፤ ባለድርሻ የሚባሉ ወገኖች ተጠርተው አስተያየት ይሰጣሉ፤ ከጸደቁም በኋላ በነጋሪት ጋዜጣ ታትመው ይወጣሉ። ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል።

እስቲ ይህንን የምክር ቤት አቆጣጠር ከእኛ አቆጣጠር ጋር አስተያዩት። ንግግሩ ሲደረግ እህሉ ገና ማሳ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ረቂቅ በሚመረመርበት ጊዜ አርሶ አደሩ አጨዳና አውድማ ላይ ነው። የሰኔ በጀት ሲጸድቅ ደግሞ እርሻ ላይ ነው። ማንም ሆን ብሎ ያደረገው አይመስለኝም፤ ነገር ግን ስለ አርሶ አደሩ የሚነገረው ሁሉ የሚነገረው አርሶ አደሩ እጁ ሥራ በያዘበት ወቅት ነው። ስለዚህ ወክሎ የሚሰማና የሚናገር አካል ያስፈልጋል፤ ያ አካልም ዩኒየኑ ነው ብዬ አምናለሁ።

አዋጅ ሲወጣ ሁላችንም በሬዲዮ እንሰማለን። አዋጅ ግን ግንዱ ነው። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲሆን መመሪያ የሚያወጣው የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነው። አርሶ አደሩን በቀጥታ የሚነካው፣ ማለትም ስንት፣ መቼ፣ በየትኛው ቅጽ፣ ምን ማስረጃ ይዞ የሚለው የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ መመሪያው ላይ ነው። ችግር በበዛበት ዘመን ደግሞ አዋጁ ይፈጥናል፣ መመሪያው ይዘገያል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ አዋጅ ሳይኖር መመሪያ ብቻ ይወርዳል።

ታላላቆቻችን የ1993 እና የ1994 ዓ.ም. የምርት ዘመን ያስታውሳሉ። በሁለቱ ዓመታት በተለይ የበቆሎ ምርት እጅግ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ገዢ ጠፋ፤ የመጋዘንና የማጓጓዣ ችግር ተደመረበት፤ ትርፍ አምራች በሆኑ አካባቢዎች ዋጋው ወድቆ በቆሎውን ሰብስቦ ገበያ ማድረስ እንኳ የማያዋጣ ሆነ። ማዳበሪያ በብድር የወሰደው አርሶ አደር ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በማግሥቱ የማዳበሪያ አጠቃቀሙን ቀነሰ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ዝናቡ ቀርቶ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ጠባቂ ሆነ። በአንድ በኩል ጥጋብ ያከሰረው፣ በሌላ በኩል ረሀብ የመታው ያው አርሶ አደር ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጡትን ሕጎች ተመልከቱ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሠረት የነበረው አዋጅ ቁጥር 147/1991 ቀድሞ ወጥቶ ነበር። በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 274 የፌዴራል ኅብረት ሥራ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1996 ዓ.ም. አዋጅ 147 በአዋጅ ቁጥር 402 ተሻሻለ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ሲሆን ግብይት የጀመረው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በቆሎው ከወደቀበት ጊዜ አንሥቶ የገበያው ደወል እስኪደወል ድረስ ሰባት ዓመት ገደማ አልፏል። መፍትሔው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በ1993 የከሰረው አባት ግን በሬውን የሸጠው ያን ጊዜ ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል አርሶ አደሩን ይዞ ያቆየው፣ ጥንካሬው ይብዛም ይነስም፣ የራሱ ማኅበር ነበር።

በ2000 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ50 በመቶ በላይ በሆነበት ጊዜ መንግሥት ከእህል ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስን አነሣ፣ የእህል ወደ ውጭ መላክን ከለከለ፣ ስንዴ ከውጭ አስገብቶ ለከተማ ነዋሪ በቅናሽ አከፋፈለ። በ2003 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በብዙ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ተመን ወጣ፤ ስኳርና ዘይት ከሱቅ ጠፉ፤ ተመኑም በወራት ውስጥ ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። በዚያ ሁሉ ትርምስ ስኳርና ዘይቱ ለነዋሪው የደረሰው በአመዛኙ በሸማቾች ማኅበራት በኩል እንደነበር እናንተው ተሰልፋችሁ የገዛችሁት ታውቃላችሁ።

ወደ ቅርቡ ልምጣ። በ2011 ዓ.ም. በሚንቀሳቀስ ንብረት ላይ ስለሚመሠረት የዋስትና መብት የሚደነግግ አዋጅ ቁጥር 1147 ወጣ። ቤትና መኪና የሌለው ሰው ከብቱንና ምርቱን አስይዞ መበደር እንዲችል በር የከፈተ፣ በእኔ አስተያየት ለአርሶ አደሩ ከወጡት ሕጎች ሁሉ ከተሻሉት አንዱ ነው። አንዲት የወተት ላሞች የሚያረቡ እናት ዜናውን ሰምተው ወደ አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሄዱ። የተሰጣቸው መልስ «እማማ፣ መመሪያው አልደረሰንም» የሚል ነበር። ተመልሰው ሲሄዱ መመሪያው ደርሷል፤ አሁን ደግሞ ላሞቹ መለያ ቁጥር፣ የጤና ማስረጃና የዋጋ ግምት ያስፈልጋቸዋል ተባለ። «ላሜ መታወቂያ አውጥታ ትምጣ ማለት ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ሁለታችንም ሳቅን። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። አንድ ሰው ብቻውን ለሁለት ላም ገማችና የእንስሳት ሐኪም ጠርቶ አይዘልቀውም። ማኅበሩ ለሁሉም አባላት በአንድ ቀን ቢያስመዘግብ ወጪው ይካፈላል፤ ባንኩም ከአንድ ሰው ይልቅ ለማኅበር ጆሮ ይሰጣል።

አዋጅ ሳይኖር የመጣውንም እናንሣ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለማርገብ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ጣሪያው በ2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ፣ ከዚያም በላይ ከፍ ብሏል። ዓላማው የሁላችንንም ኪስ ከሚያራቁተው የዋጋ ንረት ጋር የተያያዘ ስለሆነ አልነቅፈውም። ነገር ግን ዩኒየኖች ገንዘብ የሚፈልጉት ዓመቱን ሙሉ ሳይሆን ከኅዳር እስከ ጥር፣ ምርት በሚሰበሰብበት ሰሞን ነው። ባንኩ ጣሪያውን ሞልቶ «ቆዩ» ሲል ነጋዴው በጥሬ ገንዘብ ቀድሞ ከአውድማው ላይ ይገዛል። ይህንን የወቅት ጉዳይ ከእኛ በቀር ለብሔራዊ ባንክ ማን ይነግረዋል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማዳበሪያ የሚገዛው በዶላር ነው። መንግሥት ጫናውን ለማቃለል በ2017 ዓ.ም. 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ፤ ከታሰበለት ወጪ ውስጥ የማዳበሪያና የነዳጅ ድጎማ ይገኝበታል። ድጎማው ለአርሶ አደሩ የሚደርሰው በኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን አልፎ ነው። ስለሆነም የመጋዘን መዝገባችን ከተዛባ፣ ከከረጢቱ ላይ በሌሊት የሚወጣ ካለ፣ ድጎማውን የሚበላው ሌላ ነው። ይህንን ለማለት እዚህ አዳራሽ ውስጥ መፍራት የለብንም።

አሁን ላፍቶን በተለይ ወደሚመለከተው ላምራ፤ እርሱም መሬት ነው። ትናንት ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት የነበረው የለቡና የጀሞ መሬት ዛሬ ምን እንደሆነ ከመስኮቱ ውጭ ይታያል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በቋሚነት ለተነሣ አርሶ አደር የመፈናቀያ ካሣ የሚሰላው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህንን ቀየረ፤ ተተኪ መሬት ካልተገኘ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በአሥራ አምስት እንዲባዛ ደነገገ። አፈጻጸሙን የሚዘረዝር ደንብ ቁጥር 472/2012 ተከተለ። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በከፊል ስለተሻሻለ ማሻሻያውንም አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል።

ከአሥር ወደ አሥራ አምስት መሄዱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የሚባዛው ምንድን ነው? ገቢ ነው። በወንዙ ዳር ጎመን፣ ሰላጣና ቀይ ሥር የሚያመርት አባላችን በዓመት ስንት ዙር እንዳመረተ፣ ስንት እንደሸጠ የሚያሳይ ምን ወረቀት አለው? ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወዳለው የአትክልት ገበያ በሌሊት ጭኖ፣ በደላላ እጅ ሸጦ፣ ብሩን በኪሱ ይዞ ይመለሳል። ገማች መጥቶ ሲጠይቀው የሚያሳየው የለም፤ ኮሚቴው በመሰለው ይገምትለታል፤ ቅሬታ ቢያቀርብም በእጁ ማስረጃ የለም። ምርቱን በማኅበሩ በኩል ያስረከበ አባል ግን ስሙ፣ ቀኑ፣ ኪሎውና ዋጋው የተጻፈበት ደረሰኝ አለው። አንዳንድ አባላት «ማኅበሩ በኪሎ ሃምሳ ሳንቲም ቀንሶ ገዛኝ» ብለው ወደ ደላላ ሲሄዱ አያለሁ። ያቺ ሃምሳ ሳንቲም አንድ ቀን በአሥራ አምስት የምትባዛ ወረቀት እንደምታሳጣቸው ቢያስቡት ጥሩ ነው።

መናገር የሚቻልበት በር እንዳለም ላስታውስ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቆ አስተያየት እንዲቀበል ያስገድዳል። ያልተመዘገበ መመሪያም ተፈጻሚ እንደማይሆን ይደነግጋል። አዋጁ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር አስፈጻሚ አካላትንም ይጨምራል። እኔ እስከማውቀው ድረስ ከእኛ አካባቢ አንድም ማኅበር በረቂቅ መመሪያ ላይ በጽሑፍ አስተያየት አስገብቶ አያውቅም። የምንጮኸው ከወጣ በኋላ ነው።

የተከበራችሁ የክፍለ ከተማና የወረዳ ኃላፊዎች፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ረቂቅ መመሪያ ሲደርሳችሁ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይለጠፍልን። የውይይት ጥሪ ደብዳቤ በስብሰባው ዋዜማ ሳይሆን ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብሎ ይድረሰን። ለውይይትም አውድማ የሌለበት ቀን ይመረጥልን።

ለጠቅላላ ጉባኤው ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከትምህርት ብዛት ይልቅ ጊዜና ትዕግሥት ያላቸው ሦስት አባላት ተመርጠው፣ በየዓመቱ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከመሬት፣ ከብድርና ከግብዓት ጋር የተያያዙ ረቂቆችን ይከታተሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም የወተቱንና የጓሮ አትክልቱን ሒሳብ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በማንበቡና በመጻፉ እኔ ከሥራ ሰዓት ውጭ አግዛለሁ። የመጀመሪያ ሥራቸው እንዲሆን የምጠይቀው የአባላትን የሦስት ዓመት ሽያጭ ከዩኒየኑ መዝገብ አውጥቶ ለእያንዳንዱ አባል ማኅተም ያለው ቅጂ መስጠት ነው። መዝገቡ ቢሮው ውስጥ አለ፤ ጸሐፊያችንን ጠይቄ አይቼዋለሁ፤ አንዳንድ ገጾች አይጥ ስለጀመራቸው ግን ሥራው ከክረምቱ በፊት ቢጀመር ይሻላል።