መጀመሪያ ድልድዩ

ማኅበረሰብ የሚመራ ሰው ራእዩን ከየት ይጀምር? የሴቶች መብት ተሟጋች የነበሩትን የቦጋለች ገብሬን ሥራ እንመልከት።

ቦጋለች ከአሜሪካ ወደ ትውልድ ቀያቸው ከምባታ ሲመለሱ የሴት ልጅ ግርዛትንና የኤችአይቪን ጉዳይ አንግበው ነበር። የአገሬው ሰው ግን አስቀድሞ የጠየቃቸው ድልድይ ነው፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት። ድልድዩ ተሠራ። አመኔታውም የተገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ሴቱም ወንዱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም በአንድነት የሚመክርበት የማኅበረሰብ ውይይት ተዘረጋ፤ የግርዛትን ልማድ ለማስቀረት የወሰነውም ነዋሪው ራሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች። ይህ ትልቅ ድል ነው!

የዕድር ዳኞች፣ የቀበሌ መሪዎች፣ እባካችሁ፣ ዕቅዳችሁን ከማሰማታችሁ በፊት ነዋሪውን ምን እንደቸገረው ጠይቁት።